በደብዳቤ የተጨፈረ እስክስታ

መጨፈር አልችልም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገለው። በዚያን ጊዜ ይህችን ነገር ቀደም ብዬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ ሚዛን ተፈሪ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በሠላሳ ሰው ፊት፣ በአንድ እግሬ አልቆምም ነበር።

አለመቻሌ እንደ ሌላው ሰው አለመቻል አይደለም። ሌላው ሰው አልችልም ይልና ሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ ሲቀምስ ትከሻው ራሱ ያስታውሰዋል። የእኔ ትከሻ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ከበሮ ሲመታ ቀኝ እግሬ ግራውን «አንተ ቅደም» ይለዋል፤ ግራው «ኧረ ግድ የለም፣ አንተ» ይላል፤ ሁለቱ ሲገባበዙ ዘፈኑ ያልቃል።

ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነበር። ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በጋራ የተከራየናት ጠባብ ክፍል ነበረችን። ጥገናውን ማንም አላስተማረኝም። አንድ የሞተ ሬዲዮ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ በሦስተኛው ተናገረ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ነገር ሁሉ እንደዚያ የሚሠራ ይመስለኝ ጀመር። ትፈታለህ፣ ትለካለህ፣ ደብተር ላይ ትጽፋለህ፣ መልሰህ ትገጥማለህ። ይህ ሐሳብ ለሬዲዮ ልክ ነው። ለሴት ልጅ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ዘነበች የመጣችው በዝናብ ጊዜ ነው፤ ሚዛን ውስጥ የዝናብ ጊዜ ያልሆነ ጊዜ ካለ እናንተ ንገሩኝ። ቴፒ ከሚገኝ የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች አንዷ ስትሆን፣ ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት ለመሠልጠን አንድ ወር እኛ ከተማ ቆይታ ነበር። ሬዲዮዋን በላስቲክ ጠቅልላ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ ሬዲዮ ዜና ሲሆን ይሠራል። ዘፈን ሲመጣ ይጠፋል።»

«ታዲያ በጣም ጥሩ ሬዲዮ ነው» አልኳት።

ልብስ ሰፊው በድንጋጤ የስፌት መኪናውን አቆመ። እሷ ግን ሳቀች። ሬዲዮውን ከፈትኩት፤ አንዲት ሽቦ ለቃ ነበር። ስበይዳት ዘፈን መጣ፤ ዘነበችም በሩ ላይ እንደ ቆመች፣ ላስቲኩን በአንድ እጇ እንደ ያዘች፣ ትከሻዋ ሄደ። ለማሳየት ብላ አይደለም። ሰው ሳያስበው እንደሚያስነጥሰው ነው።

«አንተስ ትጨፍራለህ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

አንድ ጊዜ «ትንሽ» ብል ውሸቱ ትንሽ ይሆን ነበር። ደግሜ ማለቴ ነው ያጠፋኝ።

ወሩ አልቆ ወደ ቴፒ ከተመለሰች በኋላ ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመርን። ደብዳቤዎቻችንን የሚያመላልሰው ጋሽ በላቸው የተባለ የቡና መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እንደማንኛውም ሰው ነበር የምንጻጻፈው፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ የቤት ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ወረቀቱ አለቀ እንባባላለን። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መጣልኝ፦

«የሰላምታውን ነገር እንተወው። ደህና መሆናችንን ተማምነናል። እዚህ ከበሮ መቺያችን ወደ ማሻ ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ ጭፈራ የሚባል የለም፤ ሰውነቴ ሊዝግ ነው። ለምን በደብዳቤ አንጨፍርም? እኔ እጀምራለሁ። ቤቱ መሃል ቆሜአለሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬአለሁ። ግራ ትከሻዬ ሊነሳ ነው፤ ገና አልተነሳም። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ምን ብዬ ልመልስ? የማላውቀውን ነገር ፈትቼ ማየት ልማዴ ስለሆነ፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ወደሚለማመድበት አዳራሽ ደብተርና ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ጥግ ተቀምጬ የትከሻቸውን ርቀት እየገመትኩ ስጽፍ ያዩኝ ልጆች ከአውራጃ የተላከ ገምጋሚ መስያቸው፣ በሕይወታቸው ጨፍረው የማያውቁትን ያህል ጨፈሩ። እኔም ያንን ሁሉ ለቅሜ መልስ ጻፍኩ፦

«ቀኝ ትከሻዬ አራት ጣት ወደፊት ሄደ። ተመለሰ። ግራው አራት ጣት ወደፊት ሄደ። ተመለሰ።»

መልሷ በሳምንቱ መጣ። «ይኼ ጭፈራ ነው ወይስ በር እየገጠምክ ነው? ላብህ የታለ? ትንፋሽህ የት ሄደ? ተረከዝህ ሲያርፍ መሬቱ ምን አለ?»

መሬቱ ምን እንዳለ ለማወቅ ሱቃችን ውስጥ ተነስቼ ወለሉን በተረከዜ መታሁት። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል «አይጥ ነው?» አለኝ። «አይደለም፣ ጥናት ነው» አልኩት። መሬቱ «ጧ» አላለም፤ የእኛ አገር መሬት እርጥብ ስለሆነ «እፍ» ነው የሚለው። እንደዚያው ብዬ ጻፍኩላት። ደስ አላት። በሚቀጥለው ደብዳቤ ደፈር ብዬ «ስወርድ አቧራው ቀድሞኝ ዘለለ» ብል፣ «ሚዛን ውስጥ አቧራ ካገኘህ በፖስታ ላክልኝ፣ ለሰው አሳያለሁ» ብላ መለሰች። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እኔ አንድ እርምጃ ስጽፍ እሷ አንድ እርምጃ ስትመልስ፣ አምስት ወር ጨፈርን። አንዴ የጋሽ በላቸው መኪና ጭቃ ይዟት አሥራ አንድ ቀን ስትቆይ፣ እኔ ያን ሁሉ ቀን አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ነበርኩ። በወረቀት ማለቴ ነው። ግን ብታምኑኝም ባታምኑኝም ጭኔን አሞኛል።

ችግሩ እየተሻሻልኩ መምጣቴ ነው። በስድስተኛው ደብዳቤ አንገቴ እንደ ውሃ ሄደ። በዘጠነኛው ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እያንቀጠቀጥኩ ከሷ ጎን ስደርስ የቤቱ ቆርቆሮ እንደ ተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። በአሥራ ሁለተኛው፣ እንደኔ ግምት፣ በአውራጃው ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ጨፋሪ አልነበረም። ያኔ ነው ይህ የመጣው፦

«ለአብዮቱ በዓል ቅዳሜ ሚዛን እመጣለሁ። ኪነቱ ሲጨርስ ሕዝቡ ይጨፍራል አሉ። እንግዲህ በእግራችን።»

በእግራችን! ደብዳቤው ከእጄ ወደቀ። ይህች ልጅ የምትወደው ያንን በወረቀት ላይ የሚዘለውን ሰውዬ ነው፤ እኔ ደግሞ የሱ ጸሐፊ ነኝ። ቅዳሜ ስትመጣ እሱን ትፈልጋለች፤ የሚገኘው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች ብሎ የሚያስብ ሞኝ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲያ ዓይነት ሞኝ አልነበርኩም። ሌላ ዓይነት ነበርኩ። ዘዴ ፈጠርኩ። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ከፍ ብዬ እዘላለሁ፣ በጉልበቴ አርፋለሁ፤ ቅዳሜ ስትመጣ እያነከስኩ እቀበላትና «ያኔ ስዘል ነው» እላታለሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በግራ እግሬ ሦስት እርምጃ ወደ አንቺ መጣሁ። በአራተኛው ቆምኩ፤ አንድ እግሬ አየር ላይ ነው። ትከሻዬ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ፣ ትንፋሼ ከደረቴ ሳይወጣ ጠበቀ። በአምስተኛው ምት ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ዘለልኩ፤ እላይ ሆኜ አየሁሽ፤ ከዚያ በጉልበቴ ፊትሽ አረፍኩ። መሬቱ እፍ አለ። ከቅዳሜ በፊት እንጨርሰው።»

ረቡዕ ጠዋት ለጋሽ በላቸው ሰጠሁት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኬላ ላይ የተደበቀ ቡና ሲፈተሽ ደብዳቤው ከሹፌሩ ወንበር ሥር ተገኘ። የአብዮት ጥበቃው ከፈተው። አነበበው። ገለበጠው። ቡናውን ረሳው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ተጠራሁ። አዳራሹ ውስጥ አመራሩ በሙሉ፣ የሴቶች ማኅበር፣ ለበዓሉ የሚለማመደው የኪነቱ ከበሮ መቺ፣ ደግሞም ዝናብ ለመጠለል የገባ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ከባድ ሰው ነበር፤ ሲያስነጥስ እንኳ አጀንዳ አስይዞ ነው። ደብዳቤዬን ዘርግቶ መዳፉን ጫነበት።

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ። «ለጤናሽ እንደምን የለም። አብዮታዊ ሰላምታ የለም። የቀረ ሌላ ወረቀት አለ?»

«የለም ጓድ ሊቀመንበር።»

«'በግራ እግሬ ሦስት እርምጃ መጣሁ' ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አይተህ ታውቃለህ?»

«እየጨፈርን ስለነበር ነው። መሃል ላይ አቁሞ ጤና መጠየቅ አይመችም።»

«ከማን ጋር ነው የምትጨፍረው?»

«ከዘነበች ጋር።»

«የት ሆናችሁ?»

«ደብዳቤው ላይ።»

«እሷ የት ነበረች?»

«ቴፒ።»

«አንተስ?»

«እዚሁ።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ኬላው ላይ ደብዳቤውን ያገኘው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ተነሳ።

«እኔ ቤንች ነኝ፤ አማርኛ በኋላ ነው የተማርኩት» አለ። «ግን ሰላምታ ቀድሞ እንደሚመጣ የመጀመሪያ ቀን ነው የነገሩኝ። ይኼ ሰው ሬዲዮ ይፈታል። ቁጥር ይጽፋል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ አንድ ክንድ ተኩል። ከቅዳሜ በፊት እንጨርስ ይላል። ቅዳሜ በዓል ነው። ይኼ ጭፈራ ከሆነ እኔ ዝሆን ነኝ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ወደ አውራጃ ይላክ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወደ አውራጃ የሚላክ ሰው ሄዶ ሲመለስ በመሃሉ ብዙ ክረምት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያን ጊዜ የሴቶች ማኅበሯ እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ምን ያስጨንቃል? ልጁ ይነሳና ይጨፍረው! ከጨፈረው ጭፈራ ነው። ካልጨፈረው ሌላ ነገር ነው። ከበሮውም እዚሁ አለ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም ሳላስበው እጄን አውጥቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለአፍታ ያህል «ምሥጢር ነው፣ እሰሩኝ» ልል አስቤአለሁ። ብታሰር ዘነበች «ምስኪን፣ እንዴት ያለ ጨፋሪ ነበር!» እያለች ታስታውሰኛለች። ብጨፍር ግን ቅዳሜ ሚዛን ስትገባ ሠላሳ ሰው ጠብቆ ይነግራታል። አመዛዘንኩ። የአብዮት ጥበቃውን ጠመንጃ አየሁና መሃል ገባሁ።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ። እንደ መመሪያ ነው ያነበበው። አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል፣ መነጽሩን ይጠርጋል። «በግራ እግሬ ሦስት እርምጃ ወደ አንቺ መጣሁ።» መጣሁ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ እግሮቼ መገባበዝ ጀመሩ። «በአራተኛው ቆምኩ፤ አንድ እግሬ አየር ላይ ነው።» እግሬን አነሳሁ። ሊቀመንበሩ ውሃ ጠየቀ። ውሃው መጣ። ጠጣ። እኔ አየር ላይ ነኝ።

«እጁስ ለምንድን ነው እንደዚያ የሆነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሳፋ የያዘ ይመስላል» አለ ሌላው።

«ትከሻዬ ሁለት ጊዜ ወጣ።» ትከሻዬ ወጣ። የወጣው ግን ሰው ዋጋ ተጠይቆ አላውቅም ሲል እንደሚወጣው ነው። ከበሮ መቺው ሊረዳኝ ፈልጎ ምቱን ቀስ አደረገው፤ እኔም ቀስ ብዬ ሳትኩት። ፈጠን ሲያደርገው ፈጥኜ ሳትኩት።

እትዬ አስካለ በእውነተኛ ርኅራኄ «ልጄ፣ ጉልበትህን ያምሃል እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ነው እትዬ» አልኩ።

«በአምስተኛው ምት ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ዘለልኩ» አለ ሊቀመንበሩ። የአብዮት ጥበቃው መጥቶ ክንዱን ግድግዳው ላይ ለካ፣ በከሰል መስመር አሰመረ፣ ጎንበስ ብሎ እግሬን ይጠብቅ ጀመር። ዘለልኩ።

«አንድ ስንዝር» አለ። «የጎደለው አንድ ክንድ ነው።»

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

ድጋሚ ዝለል ተባልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ። ለሦስተኛው ስዘጋጅ፣ አንድ እግሬ እንደተነሳ፣ የአዳራሹ በር ተከፈተና ጋሽ በላቸው ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ከኋላው እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ሴት ነበረች።

«ዘነበች ማለት እኔ ነኝ» አለች። «ደብዳቤው የኔ ነው አሉ። አንድ ቀን ቀድሜ መጣሁ።»

አየችኝ። ከእግር ጣቴ እስከ ራሴ፣ ከዚያ ሳፋ እስከያዙት እጆቼ ድረስ። ቀስ ብዬ እግሬን አወረድኩ።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።»

«አሁን የሚያደርገው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው?»

ወረቀቱን አየች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ነው ካለች ሠላሳ ምስክር ያየውን መካድ ነው። አይደለም ካለች ደግሞ አውራጃ አለ። እኔ ግን ስለ አውራጃው አላሰብኩም፤ ዓይኗን ነበር የማየው።

«አይደለም» አለች።

የአብዮት ጥበቃው የጠመንጃውን ማንገቻ አጠበቀ።

«ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች ቀጥላ። «እርስዎ የሚያነቡት እንደ ማስታወቂያ ነው። እሱ የሚሰማው እንደ ትእዛዝ ነው። እንዲህ አይነበብም።»

ተቀበለችውና ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ የእኔው ነበር። ሦስቱን እርምጃ ስትላቸው ግን እርምጃ ሆኑ። አራተኛው ላይ ስትቆም አዳራሹ አብሮ ቆመ። «ትንፋሼ ከደረቴ ሳይወጣ ጠበቀ» ስትል የሚተነፍስ አልነበረም። ከበሮ መቺው ማንም ሳያዘው ገባበት። የእትዬ አስካለ ነጠላ ከራሳቸው ወደ ወገባቸው መቼ እንደወረደ አላየሁም። የአብዮት ጥበቃው ትከሻ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ እንደ መደንገጥ ብሎ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ጠመንጃው ጀርባው ላይ መዝለል ጀመረ። የሊቀመንበሩ ጣት ጠረጴዛውን ትመታለች፤ ፊቱ ግን ከጣቱ ጋር የሚተዋወቅ አይመስልም። «በአምስተኛው ምት» ስትል አግዳሚው ሁሉ ተነሳ። «መሬቱ እፍ አለ» ስትል አለ፤ በጆሮዬ ሰማሁት።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከምቱ ውጪ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ይኸውላችሁ» አለች ወረቀቱን እያጠፈች። «ጭፈራ ነው። የማይችለው እሱ ነው።»

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ጭፈራ መሆኑ ተረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ጨፋሪ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሦስተኛ፣ ወደፊት ማንኛውም ደብዳቤ ሰላምታ ይኑረው። አስፈርመው ለቀቁኝ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ በአንድ ጊዜ ፈረምኩ፤ እውነት እንዲህ ያቀልላል።

ውጪ ስንወጣ ዘነበች የቀበሌውን አጥር ይዛ ሳቀች። «አንድ ክንድ ተኩል!» ትልና እንደገና ትጀምራለች። እኔም አብሬ ልስቅ ስል እሷ አቆመች።

«አምስት ወር ሙሉ ብቻዬን ነበር የምጨፍረው» አለች።

«ብቻሽን አልነበርሽም። እያንዳንዷን እርምጃሽን ቆጥሬአለሁ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳህም?»

«አንድ ጊዜ። ልብስ ሰፊው አይጥ ነው አለኝ።»

አልሳቀችም። በዓሉንም አልጠበቀችም፤ ጋሽ በላቸው ጭነቱን ጭኖ ሲመለስ ከፊት ተቀምጣ ሄደች። ቅዳሜ ኪነቱ ሲጨርስ ሕዝቡ ጨፈረ አሉ። እኔ ሱቄን ዘግቼ የማንም ያልሆነ ሬዲዮ ስፈታ ዋልኩ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልመጣም። ሦስተኛውም አለፈ። የቡና መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ፤ ጋሽ በላቸው ከሩቁ ራሱን ይነቀንቃል። በአራተኛው ሳምንት ግን መኪናዋን እንኳ ሳያቆም ፖስታውን በመስኮት ወረወረልኝ።

«ቤቱ መሃል ቆሜአለሁ» ይላል። «ነጠላዬን አስሬአለሁ። አንተ ግን እንዳትነሳ። ግድግዳው ሥር አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀመጥ። የምታየውን ጻፍልኝ፤ እሱን ታውቅበታለህ። ማጨብጨብስ ትችላለህ?»

ያን ቀን ሬዲዮ አልጠገንኩም። ተቀመጥኩ፤ በወረቀትም፣ በእውነትም። ግራ ትከሻዋ እንዴት እንደተነሳ፣ ነጠላዋ በየት በኩል እንደላላ፣ ዝናቡ ሲያባራ አንገቷ ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከታች ጨመርኩ፦ «አጨበጨብኩ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።»

መልሱ አንድ መስመር ነበር።

«ትቀድማለህ። ቀስ በል፣ እኔን ጠብቅ።»